የድሮ ድራግስተር ሞዴል ስለመስራት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ ላይ የማወራው ስለ አሜሪካኖቹ የድሮ ድራግስተር ነው፣ ከ1950ዎቹ መጨረሻ እስከ 1970 አካባቢ ያለውን፣ ሞተሩ ከሹፌሩ ፊት የሆነውን (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሞዴሉ የፕላስቲክ ኪት (በክፍልፋይ መጥቶ የሚገጣጠም) ነው፣ መጠኑ 1/25፣ ማለትም ርዝመቱ ከእውነተኛው 25 ጊዜ ያነሰ። ሰዎች በውስጥ መስመር ደጋግመው የሚጠይቁኝን ሰብስቤ መለስኩ፣ አንዳንዱ መልስ ረዥም ነው፣ በተለይ የሞተሩ፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር ያለው እሱ ጋ ነው።

ድራግስተር ምን አይነት መኪና ነው?

ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ሩብ ማይል፣ ማለትም 402 ሜትር፣ ማን ቀድሞ ይጨርሳል ነው ነገሩ። መታጠፊያ የለም፣ ዙር የለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ካሊፎርኒያ ውስጥ ወጣቶች ደረቅ ሀይቅ ላይ፣ አውሮፕላን ማረፍ ባቆመበት የአውሮፕላን ሜዳ ላይ፣ መንገድ ላይም ጭምር ይሽቀዳደሙ ነበር፣ 1951 ላይ ዋሊ ፓርክስ ኤንኤችአርኤ የሚባለውን ማህበር መሰረተና ነገሩ ህግና ስርዓት ያዘ፣ የመጀመሪያው ብሄራዊ ውድድራቸው 1955 ካንሳስ ውስጥ ግሬት ቤንድ ላይ ተደረገ።

መኪናው ሲነሳ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሄዳል አይደል፣ ሰዎቹ ይሄንን ለመጠቀም ሹፌሩን ከኋላ አክስል በስተጀርባ አስቀመጡት፣ እግሮቹ ዲፈረንሻሉን አልፈው ወደ ፊት ይዘረጋሉ፣ ትላልቆቹ ጎማዎች ግራና ቀኙ ናቸው። ወንጭፍ ውስጥ ያለ ድንጋይ አስቡ። ስሙም ከዛው ነው የመጣው፣ ስሊንግሾት ማለት ወንጭፍ ነው። ለዚህ አቀማመጥ አብዛኛውን ጊዜ ስሙ የሚነሳው ሚኪ ቶምፕሰን ነው፣ 1950ዎቹ አጋማሽ ላይ።

ከሌላ መኪና ሞዴል በምን ይለያል?

እርቃኑን ነው። የተራ መኪና ሞዴል ላይ ሞተሩ ባያምር ኮፈኑን ትዘጉታላችሁ፣ ከስር ያለውን ማንም አያየውም፣ እዚህ ግን ኮፈን የለም፣ ላሜራው ራሱ ሹፌሩ አካባቢና አፍንጫው ላይ ትንሽ ትንሽ ነው። ሻንሲው፣ ሞተሩ፣ ቱቦው፣ ሽቦው ሁሉ ሜዳ ላይ ነው። ስለዚህ የኔ ህግ አንድ ነው፦ መኪናው ላይ ያለ እያንዳንዱ ሽቦና ቱቦ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ ሳታውቁ አታጣብቁ። ቀለም ትንሽ ቢበላሽ ሰው ያልፈዋል፣ የትም ሳይደርስ አየር ላይ የቀረ ቱቦ ግን ዓይን ይወጋል።

የየትኛውን ዘመን ልስራ? ልዩነቱስ ምኑ ላይ ነው?

መጀመሪያ ዓመት ምረጡ፣ ከዛ እዛ ዓመት ላይ ቆዩ። ብዙ ቆንጆ ሞዴል የሚበላሸው የ1960ን መኪና ከ1968 ዕቃ ጋ ሲያጋቡት ነው።

ዋናው ምልክት የጭስ ማውጫው ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቱቦዎቹ ወደ ታችና ወደ ኋላ ነበር የሚያዩት፣ "ዊድ በርነር" ይሏቸዋል፣ አረም አቃጣይ እንደማለት። 1960ዎቹ አጋማሽ ላይ ወደ ላይ የተቀለበሱት "ዙሚ" የሚባሉት መጡ፣ የሚወጣው ጋዝ የጎማውን ጭስ ከፊት እንዲገፋ። ዙሚ የገጠመ የ1960 መኪና ካያችሁ ሰሪው ፎቶ አላየም ማለት ነው።

ሁለተኛው ሞተሩ ነው። የክራይስለር 392 ሄሚ የ1957ና 58 ሞተር ነው፣ 6.4 ሊትር ገደማ፣ ድራግስተሮቹ ላይ ለብዙ ዓመት ነግሷል። 426 ሄሚ የመጣው 1964 ነው። ስማቸው አንድ ስለሆነ አንድ አይነት እንዳይመስሏችሁ፣ 392 ላይ ዲስትሪቢዩተሩ ወይም ማግኔቶው (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያድለው) ያለው ሞተሩ ኋላ ነው፣ 426 ላይ ግን ፊት ነው።

ነዳጅም አለ፣ ኤንኤችአርኤ ከ1957 እስከ 1963 ናይትሮ የሚባለውን ኃይለኛ የውድድር ነዳጅ ከልክሎ ነበር፣ ውድድሩ በቤንዚን ብቻ ነበር። ስለዚህ በዛ ዘመን በነሱ ውድድር የተወዳደረ መኪና እየሰራችሁ ጎኑ ላይ የናይትሮ መኪና መሆኑን የሚናገር ጽሁፍ እንዳትለጥፉ። መነሻ መስመሩን ጨምራችሁ የምትሰሩ ከሆነ ደግሞ "ክሪስማስ ትሪ" የሚሉት ባለ መብራት ዘንግ የገባው 1963 ነው፣ ከዛ በፊት መኪኖቹን የሚለቃቸው ባንዲራ የያዘ ሰው ነበር።

የወንጭፉ መጨረሻም ይታወቃል። መጋቢት 1970 ላይ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሎንግ ቢች አጠገብ በነበረው ላየንስ ድራግ ስትሪፕ የታዋቂው ሹፌር የዶን ጋርሊትስ መኪና መነሻው ላይ ካምቢዮው ፈነዳ፣ የቀኝ እግሩን ጫፍ ቆርጦ ወሰደው። አስቡት፣ በዚህ አቀማመጥ የሚሽከረከረው ብረት ሁሉ ያለው በሰውየው እግሮች መሀል ነው። ሰውየው አልተወውም፣ ሞተሩን ከኋላው ያደረገ መኪና ሰራና 1971 ፖሞና ላይ አሸነፈበት፣ ከዛ በኋላ በጥቂት ዓመት ውስጥ ፊት ሞተር የሆነው ከውድድር ጠፋ። ሞዴላችሁን ስትሰሩ እዛች ወንበር ውስጥ የሚገባውን ሰው አስቡት፣ የካምቢዮውን መከላከያ ላሜራና ብሎኖቹን ለመስራት ያኔ ትዕግስት ይመጣላችኋል።

የትኛውን ኪት ልግዛ?

ሬቨል፣ ሞኖግራም፣ ኤኤምቲና ኤምፒሲ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሰርተዋል፣ ብዙዎቹ በየጊዜው እንደገና እየታተሙ ይወጣሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ እንደገና የታተመውን ግዙ። የድሮውን ያልተከፈተ ካርቶን በውድ ገዝታችሁ እጃችሁ እየተንቀጠቀጠ ከምትቆርጡት በርካሹ ብትማሩ ይሻላል፣ ፕላስቲኩ ከአንድ ሻጋታ የወጣ ነው። 1/16 የሚባለው ትልቁም አለ፣ ለዓይን ይመቻል፣ ግን ዝርዝሩ ካልተሟላ ባዶነቱም እዛው ላይ ነው የሚታየው።

1/25 ሲባል እንዴት ነው የማሰላው?

እውነተኛውን በሚሊሜትር ውሰዱና ለ25 አካፍሉ፣ በቃ። የሻንሲው ቱቦ ውፍረት አንድ ተኩል ኢንች ማለትም 38 ሚሜ ከሆነ 1.5 ሚሜ ዘንግ ያስፈልጋችኋል። የካንዴላ ገመድ 7 ወይም 8 ሚሜ ነው፣ ስለዚህ 0.3 ሚሜ። 4.5 ሜትር ከአክስል አክስል የሆነ መኪና 18 ሴንቲ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ገመዱ ላይ ነው፣ ያገኘውን ሽቦ ይወስድና 1 ሚሜ ያደርገዋል፣ ያ በእውነተኛው 25 ሚሜ ነው፣ የአትክልት ውሀ ማጠጫ ጎማ ያክላል ማለት ነው!

ምን ምን ዕቃ ያስፈልጋል?

ስል ምላጭ፣ ወረንጦ (ጫፏ የማይንሸዋረር ጥሩ ወረንጦ፣ እሷ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ)፣ ከ400 እስከ 2000 ቁጥር የውሀ ብርጭቆ ወረቀት፣ በጣት የሚሽከረከር ትንሽ መብሻ ከ0.3 እስከ 1 ሚሜ ጫፎች ጋ፣ ፕላስቲኩን አቅልጦ የሚያያይዝ ቀጭን ማጣበቂያ፣ ትንሽ ሱፐር ግሉ። ኤርብራሽ (ቀለም በአየር የሚረጭ ትንሽ መሳሪያ) ካላችሁ ደስ ይላል፣ ከሌላችሁ ጥሩ ስፕሬይም ይሰራል።

አዲስ አበባ ሆናችሁ የምትሰሩ ልጆች ዕቃ የለም ትሉኛላችሁ፣ ኪቱን ከውጭ ማስመጣት ግድ ነው፣ ዝርዝሩን ግን እዛው ታገኙታላችሁ። የተበላሸ ኢርፎን ውስጥ ያለው ገመድ ስታስወልቁት እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ ይወጣዋል። ፋርማሲ የሚሸጠው አዲስ የመርፌ ጫፍ ደግሞ የተዘጋጀ የብረት ቱቦ ነው፣ ብርቱካናማው 0.5፣ ሰማያዊው 0.6፣ አረንጓዴው 0.8 ሚሜ ነው ውፍረቱ። 0.5ቱ በ1/25 ስታሰሉት 12.5 ሚሜ ይመጣል፣ ልክ የነዳጅ መስመር ማለት ነው። ስትቆርጡት መነጽር አድርጉ፣ ስሉ ጫፍ ይፈናጠራል።

ኪቱ ላይ ያለውን ክሮም ልተወው ወይስ ላንሳው?

አብዛኛውን አንሱት። ፋብሪካው ሞተሩን በሙሉ መስታወት ያስመስለዋል፣ እውነተኛው ግን እንደዛ አልነበረም፣ የፊት አክስሉ ክሮም ሊሆን ይችላል፣ የብሎወሩ (ሞተሩ ላይ ያለው አየር መጭመቂያ) ቤት ግን ቀልጦ በሻጋታ የወጣ አሉሚኒየም ነው፣ ከማግኔዥየም የተሰራው ደብዘዝ ያለ ግራጫ ነው፣ እያንዳንዱ ብረት የራሱ መልክ አለው። ደግሞ ማጣበቂያው ክሮም ላይ አይይዝም።

ማንሻው በረኪና ነው። የኪት ክሮም ስስ የአሉሚኒየም ሽፋን ስለሆነ በረኪና ውስጥ ብትዘፈዝፉት ዓይናችሁ እያየ ይጠፋል። ከስሩ የቫርኒሽ ሽፋን ይቀራል፣ እሱ ካልተነሳ ዝርዝሩን ይደፍነዋል፣ የምድጃ ማጽጃ ያነሳዋል። አደራ፣ በረኪናውን ካጠባችሁ በኋላ ነው ሌላውን የምትጠቀሙት፣ በረኪናን ከአሞኒያም ሆነ ከአሲድነት ካለው የሽንት ቤት ማጽጃ ጋ አታገናኙ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። መስኮት ክፈቱ፣ ልጆች አጠገብ አይሁን።

ሻንሲዬ እየተጣመመ አስቸገረኝ፣ ምን ላድርግ?

ይሄ የሁሉም ሰው ችግር ነው፣ ርዝመቱ 18 ሴንቲ ሆኖ ውፍረቱ 1.5 ሚሜ ነዋ። ግማሽና ግማሹን በአየር ላይ ይዛችሁ አታጣብቁ። ወፍራም መስታወት አምጡ፣ የሻንሲውን ንድፍ በልኩ ወረቀት ላይ አትሙና መስታወቱ ስር አድርጉት፣ ከላይ ዘንጎቹን በንድፉ መስመር ላይ በትንንሽ የፕላስቲክ መደገፊያ ይዛችሁ መጀመሪያ ግራና ቀኙን፣ ከዛ መሀለኛ ማገሮቹን ግጠሙ። ሌሊቱን እዛው ይደር። በማግስቱ አራቱንም ጎማ አስገብታችሁ መስታወቱ ላይ አቁሙት፣ ከአንዱ ጎማ ስር ወረቀት የሚያልፍ ከሆነ ተጣሟል፣ ሙቅ ውሀ ውስጥ ነክራችሁ በቀስታ መልሱት፣ የፈላ ውሀ አይሁን ይቀልጥባችኋል።

የኪቱን ቱቦዎች መሀል ለመሀል የሚሄደውን የሻጋታ መስመር ደግሞ ፋቁት። ስትፍቁ ክብነቱ እንዳይጠፋ ብርጭቆ ወረቀቱን እንደ ቀበቶ ቀጭን አድርጋችሁ ቆርጣችሁ ዘንጉን ዙሪያውን አሹት፣ ጫማ ጠራጊ ጨርቁን ጫማ ላይ ወዲህ ወዲያ እንደሚስበው። መገጣጠሚያው ላይ በመርፌ ጫፍ ትንሽ ማጣበቂያ ስታስቀምጡ ፕላስቲኩ እብጥ ይላል፣ ሲደርቅ ብየዳ ይመስላል።

ሞተሩን እንዴት ነው ከእውነተኛው የማመሳስለው?

መጀመሪያ ምን እንደሚሰራ እወቁ፣ ከዛ እጃችሁ ራሱ ይመራችኋል። 392 ላይ ቆመን እንየው።

ከላይ የተቀመጠው ትልቅ ሳጥን ብሎወሩ ነው፣ 6-71 ይባላል። ይሄ ለውድድር የተፈጠረ ዕቃ አልነበረም፣ ከጂኤምሲ ናፍጣ ሞተር የተወሰደ ነው፣ ባለ 6 ሲሊንደር፣ እያንዳንዱ 71 ኪዩቢክ ኢንች፣ ቁጥሩ የመጣው ከዛ ነው። አየር ወደ ሞተሩ በግድ ይጨምቃል። የሚያዞረው ከፊት ከክራንኩ የሚመጣ ባለ ጥርስ ሰፊ ቀበቶ ነው፣ 76 ሚሜ ከሆነ ለናንተ 3 ሚሜ ማለት ነው። ጥርሱ ወደ ውስጥ ነው፣ ከውጭ ለስላሳ ነው። ክሮም የተቀባ ቀበቶ ከኪት ካገኛችሁ ፈቅፍቃችሁ ፈዛዛ ጥቁር ቀቡት።

ከብሎወሩ በላይ ያለው ባለ አራት ቀዳዳ ኢንጀክተር ነው፣ የዛን ጊዜ ታዋቂው የስቱ ሂልቦርን ስራ ነበር። ነዳጁን እንከተለው፦ ከፊት አፍንጫው አካባቢ ካለችው ትንሽ ታንክ ይነሳል፣ ሞተሩ ፊት ለፊት ላይ ወዳለው ፓምፕ ይገባል (ፓምፑን የሚያዞረው ካም ሻፍቱ ነው)፣ ከፓምፑ ወደ ላይ ኢንጀክተሩ ጎን ወዳለው ቫልቭ፣ ከዛ ወደ ማከፋፈያ፣ ከማከፋፈያው በቀጫጭን ቱቦ ነዳጁን ወደሚረጩት ኖዝሎች፣ የተረፈው ደግሞ በመመለሻ መስመር ወደ ታንኩ ይመለሳል። መመለሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ታንኩ ላይ አንድ ቱቦ ብቻ ካለ ስራው አልተጨረሰም።

ራዲያተር የለም፣ አትፈልጉ። ሞተሩ የሚሰራው ለጥቂት ሰከንድ ስለሆነ አያስፈልገውም። ማስነሻ ሞተርም ባትሪም የላቸውም፣ ሌላ መኪና ከኋላ እየገፋ ነው የሚያስነሳቸው፣ ስለዚህ ከኋላ መገፊያዋን ብረት ስሩላት።

አሁን ወደ ሽቦው። ማግኔቶው ራሱ እሳት ስለሚያመነጭ ለብቻው የተቀመጠ ኮይል የለውም፣ ስለዚህ ከክዳኑ የሚወጣው 8 ገመድ ነው፣ ተራ ዲስትሪቢዩተር ቢሆን ዘጠነኛ ገመድ ወደ ኮይል ይሄድ ነበር። የ392 ካንዴላዎች ያሉት በቴስታታው መሀል ነው፣ ገመዶቹ የቫልቭ ክዳኑን ቀዳዳ አልፈው ወደ ውስጥ ይገባሉ፣ እንደ ሸቭሮሌት ሞተር በጭስ ማውጫው ስር አይደለም። ሹፌሩ በኩል ቆማችሁ ወደ ፊት ስታዩ የግራው ሲሊንደሮች 1፣ 3፣ 5፣ 7 ናቸው፣ ቀኙ 2፣ 4፣ 6፣ 8፣ ከፊት ወደ ኋላ ይቆጠራል። የእሳቱ ተራ፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ እሳት የሚያገኙበት ቅደም ተከተል፣ 1-8-4-3-6-5-7-2 ነው። ክዳኑ ላይ ስምንት ቀዳዳ በ0.35 መብሻ ትበሳላችሁ፣ አንዱን አንድ ትሉትና ዙሪያውን በዚህ ተራ ገመዶቹን ታከፋፍላላችሁ።

ይሄን የተማርኩት በመጀመሪያ ሞዴሌ ነው። ስምንቱን ሽቦ ለመልክ ብቻ አራት ወዲህ አራት ወዲያ አድርጌ ለሞዴል ኤግዚቢሽን ወሰድኩት፣ አንድ በዕድሜ የገፉ ሰውዬ፣ በወጣትነታቸው እንደዚህ አይነት ሞተር ላይ የሰሩ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠጋ አሉና በጣታቸው ገመዶቹን አንድ በአንድ ተከተሉ፣ ቆይተው "ይሄ አይነሳም" አሉኝ፣ ሳይቆጡ። ከዛ የእሳቱን ተራ ስሜ የተጻፈበት ካርድ ጀርባ ላይ ጻፉልኝ። ቤት ገብቼ ስምንቱንም ነቀልኩ። መልሼ ስሰራው ሽቦዎቹ አንዱ በአንዱ ላይ እየተሻገሩ የሄዱበት መንገድ ራሱ ተለወጠ፣ እውነተኛ ፎቶ ላይ የማየውና ምን እንደሆነ የማይገባኝ ያ መልክ በራሱ መጣ። ተራው ልክ ሲሆን መልኩም ልክ ይሆናል።

ከረሜላ የሚመስለውን ቀይ ቀለም እንዴት ላምጣው?

ካንዲ ይባላል። ከስር ብርማ ወይም ወርቃማ ቀለም፣ ከላይ ብርሀን የሚያሳልፍ ቀይ፣ ከዛ ክሊር (ቀለም የሌለው መሸፈኛ)። ብርሀኑ ቀዩን አልፎ ብሩ ላይ ነጥሮ ስለሚመለስ ነው ከውስጥ የሚያበራው። ችግሩ እያንዳንዱ ንብርብር ያጠቁረዋል፣ ስለዚህ አፍንጫውንና የሹፌሩን ላሜራ በአንድ ቀን፣ በአንድ እንጨት ላይ ሰክታችሁ፣ እኩል ቁጥር ንብርብር ስጧቸው። አንዱን ዛሬ አንዱን ነገ ካላችሁ ሁለት ቀይ ይሆናል። ስሱን ደጋግሙ እንጂ አንዴ አታፍስሱት። ከስር ያለው ብር ላይ ፀጉር ወይም አቧራ ካለ ካንዲው አይሸፍነውም፣ አጉልቶ ያወጣዋል፣ እሱ ጋ ጊዜ ስጡ።

ጎማውስ?

የኋላ ጎማዎቹ ስሊክ ናቸው፣ ጥርስ የላቸውም፣ ስፋታቸው በ1/25 አንድ ሴንቲ አካባቢ ነው። ከሳጥን ሲወጡ ያብረቀርቃሉ፣ መሬት የሚነካውን ፊት በ400 ብርጭቆ ወረቀት አሹት። የድሮ ኪት ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቁ፣ የጎማው ላስቲክ ውስጥ ያለው ማለስለሻ በዓመታት ውስጥ ወጥቶ የፕላስቲኩን ቸርኬ ያቀልጠዋል። ቸርኬውን በደንብ ቀብታችሁ መሀል ላይ ስስ የአሉሚኒየም ወረቀት አስገቡ። የፊት ጎማዎቹ የብስክሌት መሰሉ ባለ ሽቦ ናቸው፣ የኪቱ ሽቦ በጣም ይወፍራል፣ አቅም ካለ ከስስ ብረት የተቆረጡትን ለየብቻ የሚሸጡትን ግዙ፣ መኪናውን ሌላ ያደርጉታል።

ዴካሉ (በውሀ ረጥቦ የሚለጠፈው ጽሁፍና ምስል) ቢጫ ሆኗል፣ ልጣለው?

አይ። ላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርጋችሁ ፀሀይ የሚመታው መስኮት ላይ ለጥፉት፣ በሳምንት ሁለት ሳምንት ይነጣል። ውሀ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ክሊር እርጩበት፣ አለዚያ ይበጣጠሳል። ከዳር ያለ የማያስፈልጋችሁን ትንሽ ጽሁፍ ቀድማችሁ ሞክሩ።

ላቆሽሸው?

በጣም በጥቂቱ። እነዚህ ሰዎች መኪናቸውን ይወለውሉ ነበር። ጭስ ማውጫው ሞተሩ አጠገብ ትንሽ ሰማያዊና ቡናማ ይሁን፣ ጫፉን ግን በመብሻ ቦርቡሩት፣ የተደፈነ ቱቦ ጭስ አያወጣም። ከኋላ ጎማዎቹ በስተጀርባ ያለው ላሜራና መኪናውን የሚያቆመው ፓራሹት ከረጢት ላይ የጎማ ብናኝ በደረቅ ብሩሽ። ከዛ በላይ አትሂዱ።

ሹፌር ላስቀምጥ?

እኔ አላስቀምጥም፣ ወንበሩና ቀበቶው ይታይልኝ ብዬ። ካስቀመጣችሁ ግን ለ1960 የቆዳ ጃኬት፣ ፊቱ ክፍት የሆነ ሄልሜት፣ የዓይን መነጽርና የአፍ መሸፈኛ ነው፣ ሙሉ ፊት የሚሸፍነው የዛሬው ሄልሜት አይሆንም።

ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ከሳጥኑ እንደወጣ ብትገጥሙት ሁለት ቅዳሜና እሁድ። እዚህ እንዳልኩት ከሆነ እኔ ማታ ማታ እየሰራሁ አራት ወር ገደማ ይወስድብኛል፣ ከዛ ውስጥ አንዱ ወር ሙሉ ሞተሩ ብቻ ነው። ዓይናችሁ ሲደክም ተዉት፣ 0.3 ሚሜ ሽቦ በደከመ ዓይን አይገባም፣ ጠዋት በተፈጥሮ ብርሀን መስኮት ስር ስትቀመጡ ግን በአንድ ሙከራ ቀዳዳው ውስጥ ትገባለች።